ጉልበት ያልደረሰው ጉድጓድ

ጉብታው ከዋናው መንገድ ሲያዩት የተኛ በሬ ጀርባ ይመስላል። ዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ታርሶ ሲጠቁር፣ እሱ ብቻ ሳሩን እንደለበሰ መሃል ላይ ጉብ ብሎ ይቀራል። ውስጡ ሰው አለ። ስሙ ማን ይባል እንደነበር፣ በምን ቋንቋ እንደተለቀሰለት የሚያውቅ የለም፤ ጽሕፈት የሚባል ነገር ሳይፈጠር የተቀበረ ነው። ሆኖም መንግሥት ዙሪያውን በሽቦ አጥሮ፣ «ጥብቅ ቅርስ ነው፤ መቆፈር በሕግ ያስቀጣል» የሚል ሰሌዳ ተክሎ፣ ዘበኛ አቁሞለታል። የአካባቢው ሰው «በሕይወት ያለነውን እንዲህ የጠበቀን የለም» እያለ ይቀልዳል።

አንድ ማለዳ ያ ጉብታ ጎኑ ተቆፍሮ ተገኘ።

ኢንስፔክተሯ ከመኪና ወርዳ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ አለች። ጣቢያ ውስጥ «እሜቴ ለምን» ነው የሚሏት። ስሙን ያወጡላት እናቷ ናቸው፤ ገና በልጅነቷ «ለምን?» ሳትል የዋለችበት ቀን ስላልነበረ። ጣቢያው ውስጥ የበተነው ግን ሳጅኑ ነው፤ የእናቷ ጎረቤት መሆኑ በጀው።

«ሌባ ነው አለቃዬ» አለ ሳጅኑ ቀበቶውን እያጠበቀ። «ወርቅ አለ ሲባል ሰምቶ የመጣ ሌባ።»

«ሌባ ከሆነ ለምን አቆመ?»

ሳጅኑ ጎንበስ ብሎ አየ። ጉድጓዱ ጉልበት እንኳ አይደርስም።

«ደክሞት ይሆናላ።»

«ሳሩን ከነሥሩ እንደ ምንጣፍ ገፎ፣ ጠርዙን በመቀስ የተቆረጠ ጨርቅ ያስመሰለ ሰው፣ ጉልበቱ ሳይደርስ ይደክመዋል?»

ዘበኛው ራቅ ብለው ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጋሽ ፉጨት ይባላሉ። ድሮ ቀኑን ሙሉ ያፏጩ ነበር ይባላል፤ ዛሬ ግን ሲያፏጩ ሰማሁ የሚል ሰው የለም።

«ጋሼ፣ ሌሊት ምንም አልሰሙም?»

«ምንም ልጄ። ነፋስ ነበር። የኔ ጎጆ ደግሞ በዚያኛው በኩል ነው።»

«በሩስ?»

«ቁልፉ እንዳለ ነው። ሽቦውን ቆርጠው ነው የገቡት።»

ኢንስፔክተሯ ወደ አጥሩ ሄደች። ሽቦው እውነትም ተቆርጧል። የተቆረጠውን ጫፍ በጣቷ ነካ ነካ አደረገች።

«ሳጅን፣ አንተ ከውጭ ቆርጠህ ብትገባ ሽቦውን ወዴት ትገፋዋለህ?»

«ወደ ውስጥ ነዋ።»

«ይሄ ወደ ውጭ ነው የታጠፈው።»

«ሲወጣ ገፍቶት ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች። ሳጅኑ ይህችን «ይሆናል» ያውቃታል፤ አላመነችም ማለት ነው።

በዚህ መሃል የቅርስ ጥበቃ ቢሮው ኃላፊ ደረሱ። ሽበታቸው ያማረ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ሲናገሩ ሰው የሚያዳምጣቸው ናቸው። ጉድጓዱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ዛሬውኑ መደፈን አለበት» አሉ። «ደመናውን ይዩት። ውሃ ከገባበት ይህን ሁሉ ሺህ ዓመት የቆየ ነገር በአንድ ዝናብ ይሄዳል።»

«ምን እንደተሰረቀ ሳናውቅ?»

«ጉልበት በማይደርስ ጉድጓድ ምን ይሰረቃል?»

እውነታቸውን ነው። ኢንስፔክተሯንም የከነከናት ይኸው ነበር። ለጊዜው ሸራ አልብሱት ብላ አዘዘች።

*

«ይሄ የማግኔቱ ሥራ ካልሆነ ስሜን ቀይሩት» አለ ሳጅኑ በመንገድ ላይ።

ማግኔቱ ብረት የሚለይ መሣሪያ ትከሻው ላይ አንግቶ ገጠር ለገጠር የሚዞር ሰው ነው። በዚህ ሁሉ ዓመት ያገኘው ነገር ቢኖር የተበጠሰ የበሬ ሰንሰለት፣ ጎባጣ ማንኪያና የጎረቤት የውሃ ቧንቧ ነው። ግቢው በር ላይ ሲያያቸው መሣሪያውን ከጀርባው ደበቀ፤ ቁመቱ ከሱ ስለሚበልጥ ግን ከራሱ በላይ ታየ።

«አይኔን ግንባር ያድርገው እኔ አይደለሁም!»

«ምኑን?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የምትሉትን ሁሉ።»

«ትናንት ሌሊት የት ነበርክ?»

ማግኔቱ አንዴ እሷን አንዴ ሳጅኑን አየ። «እናንተው ጋ።»

«እንዴት እኛ ጋ?»

«የወዲያኛው ከተማ ፖሊስ ጣቢያ። የሰው ጓሮ ቆፍረሃል ብለው አሳደሩኝ። የፈቱኝ ዛሬ ጠዋት ነው። ቧንቧው እንደሆነ ድሮም ያፈስ ነበር።»

ሳጅኑ ፈንጠር ብሎ ስልክ ደወለ። ሲመለስ ፊቱ ኮምጨጭ ብሏል። «እውነቱን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ተረኛውን ስለ ወርቅ ሲያወራ አላስተኛውም አሉ።»

ኢንስፔክተሯ ሳቀች። ከፖሊስ ጣቢያ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ልትወጣ ስትል ማግኔቱ ተከተላት።

«ጉድጓዱ ምን ያህል ነው?»

«ጉልበት አይደርስም።»

«እንግዲያ ወርቅ ፈላጊ አይደለም። ወርቅ የፈለገ ሰው እስኪነጋ ነው የሚቆፍረው። ይኸው፣ የኔን ጓሮ እይው።»

ጓሮውን አየችው። ከጉድጓዱ ብዛት መሄጃ የለውም።

*

በማግስቱ ከዩኒቨርሲቲ የመጣው የአርኪኦሎጂ ባለሙያ ገና ወጣት ነው፤ ሁሉም ዶክተር ይለዋል። ብሩሹን ጆሮው ላይ ሰክቶ ይረሳና ቀኑን ሙሉ ሲፈልገው ይውላል። ሸራውን ገልጦ፣ አፈሩን ጨብጦ በጣቶቹ መሃል አንጠረጠረው።

«የሚገርም ነው» አለ። «ይሄ አፈር አንዴ የተቆፈረ ነው።»

«ትናንት ነዋ የተቆፈረው» አለ ሳጅኑ።

«አይ፣ ከዚያ በፊት። ንኩት እስቲ፤ ዱቄት ነው። እኛ ስንቆፍር አፈሩን ሁሉ በወንፊት እናሳልፈዋለን፤ ትንሽ ዶቃ እንኳ እንዳታመልጠን። ከዚያ መልሰን ስንደፍን ጠጠርና ጓል የሌለው እንዲህ ያለ አፈር ይሆናል። ከብዙ ዓመት በፊት እዚህ ጉብታ ላይ ሕጋዊ ቁፋሮ ተደርጓል፤ እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ይሄ የዚያ ቁፋሮ ጉድጓድ ነው። ቆፋሪያችሁ ልክ እላዩ ላይ ነው ያረፈው።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ሰፊው ጉብታ ቀና አለች። ሳሩ አንድ ዓይነት ነው። ምልክት የለም፣ ድንጋይ የለም።

«ከላይ ሲታይ ይለያል?»

«በፍጹም። እኔ ራሴ ካልነገሩኝ አላገኘውም።»

«ስለዚህ ያኔ የነበረ ሰው ነው።»

«ወይ ያኔ የነበረ ሰው ያሳየው።»

ዶክተሩ ልብሱን እያራገፈ፣ «ኃላፊው ዛሬ ካልተደፈነ ብለው ደውለውልኝ ነበር» አለ። «ግን አይሆንም። ጉዳት የደረሰበት ጥብቅ ቅርስ፣ የጎደለ ነገር አለመኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ አይደፈንም። እስከ ታች ይታያል። ሕግ ነው፤ ማዘዙ ደግሞ የመርማሪው ፋንታ ነው።»

«እና ጉዳት ባይደርስበት?»

«ባይደርስበትማ ኖሮ ለማንም አይከፈትም ነበር። ፈቃድ ለማግኘት ሰው ያረጃል።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ነገር በልቧ ያዘችው። ለምን እንደያዘችው ገና አላወቀችም።

*

የኃላፊው ቢሮ ንጹሕና ጸጥ ያለ ነው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የገባ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ጉብታው ሥር ሰዎች ተሰልፈው ይስቃሉ። መሃል ላይ በወጣትነታቸው ኃላፊው ቆመዋል፤ በእጃቸው የግንበኛ ማንኪያ የመሰለች ትንሽ መቆፈሪያ ይዘዋል፤ እጀታዋ በቀይ ሽቦ ተጠምጥሟል።

«ይቺ ምንድን ናት?» አለች ኢንስፔክተሯ፤ ሌላ ነገር ልትጠይቅ ነበር የመጣችው፣ ግን አልቻለችም።

የኃላፊው ፊት በራ። «መምህሬ ነበሩ የሰጡኝ። ቆፋሪ ሁሉ የራሱ መቆፈሪያ አለው፤ ሚስት ማለት ናት፤ ለሌላ እጅ አትሰጥም። እሷን ሳልይዝ የትም አልሄድም ነበር።»

«አሁንስ?»

«ጠፋች። ያ ቁፋሮ ሊያልቅ ሲል ዋና ከተማ ለስብሰባ ሄጄ፣ ከሆቴል ክፍሌ ከነቦርሳዬ ተሰረቀች። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።»

«ያሳዝናል» አለች፤ ከልቧ ነው። «ያኔ ከእርስዎ ጋር እነማን ነበሩ?»

«ተማሪዎቹ ዝናቡ ሊገባ ሲል ተመለሱ። መጨረሻ ላይ የቀረነው እኔ፣ ዘበኛውና ፍልፈል የምንለው ቆፋሪ ነን። ይኸው፣ ዳር ላይ ያለው፤ ትከሻ ብቻ ነው። መሬት ሲያይ እንደ ፍልፈል ነበር።»

«ፍልፈል የት ነው ያለው?»

ኃላፊው በረጅሙ ተነፈሱ። «ጥሎን ጠፋ። እኔ ስብሰባ ላይ እያለሁ፣ ሴት ይዞ አገር ለቆ ሄደ። ዘበኛው አውቶቡስ ሲሳፈር አይቶታል። እኔ ስመለስ ሰውም የለም፣ ዝናቡም ገባ፤ ዘበኛው ጉድጓዱን ደፍኖ ጠበቀኝ። ከጠየቁኝ ፍልፈልን ይፈልጉት። ያኔ ያየው ነገር ኖሮ፣ ተመልሶ ሊወስደው ይሆናል።»

ከቢሮው ሲወጡ የሳጅኑ ዓይን በርቷል። «አለቀ ደቀቀ! ፍልፈል ነው።»

«ፍልፈል ከሆነ» አለች ኢንስፔክተሯ፣ «ጉልበት ሳይደርስ ያቆማል?»

*

የፍልፈል ሚስት ልብስ ሰፊ ናት። ቤቷ መንገድ ዳር ያለች አንድ ክፍል ስትሆን፣ መስኮቷ ሥር በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና፣ ግድግዳው ላይ ገና ኮሌታው ያልገባ የተማሪ ልብስ ተደርድሯል። ኢንስፔክተሯ ስትገባ ሴትዮዋ ቀና ሳትል እጅጌ እየገጠመች ነበር።

«ባለቤትዎን እየፈለግን ነው፣ እትዬ።»

የመኪናው ድምፅ ቆመ።

«እናንተ? እሱን?» መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋች። «ጠፋብኝ ብዬ ስመላለስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብላችሁኝ፣ ዛሬ ነው የናፈቃችሁ?»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተመልሶ መጥቶ ጉብታውን ቆፍሮ ይሆናል ብለን ነው። ሴት ይዞ ሄደ ይባላልና...»

«ይባላል። የሚሉት ባሌን አያውቁትም። ያን ቀን የወጣው በሥራ ልብሱ ነው። የክት ጫማው አልጋው ሥር፣ ምላጩ መስኮቱ ላይ ነበር። ሴት አስከትሎ የሚጠፋ ወንድ፣ ጢሙን ሳይላጭ በተቀደደ ቦቲ ይሄዳል? አንተስ ትሄዳለህ?»

ሳጅኑ ሳያስበው አገጩን ዳሰሰ።

«አውቶቡስ ሲሳፈር ያየው ሰው አለ» አለች ኢንስፔክተሯ።

«አዎ፣ አለ» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሌላ አልጨመረችም።

ከወንበር ላይ ጨርቁን አንስታ ቦታ ስትለቅላት ኢንስፔክተሯ እጇን አየች። የጣቶቿ ጫፍ መርፌ የለመደ ነው፤ የደነደነ። መዳፏ ላይ ግን ውሃ የቋጠረና የፈነዳ ቁስል አለ። መርፌ እንዲህ አያደርግም። አካፋ ያልለመደ ሰው እጅ ነው እንዲህ የሚሆነው።

«ጉድጓዱን አሁን ምን ልታደርጉት ነው?» አለች ሴትዮዋ፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ኃላፊው ይደፈን እያሉ ነው።»

የልብስ ሰፊዋ ፊት አመድ መሰለ። ብድግ አለች።

«አይደፈንም! ጉዳት የደረሰበት ጥብቅ ቅርስ፣ የጎደለ ነገር አለመኖሩ እስኪረጋገጥ ድረስ አይደፈንም። እስከ ታች ይታያል። ሕግ ነው።»

መንገድ ላይ የሚያልፍ ብስክሌት ደወሉን አሰማ።

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ አልቻለም። «እጇን አየሽው? እሷ እኮ ናት! እንያዛታ!»

«አየሁት። የትም አትሄድም። ግን አንድ ነገር ንገረኝ፤ ልብስ ሰፊ የቅርስ ሕግ በቃሏ ለምን ታጠናለች?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«እኔም አላውቅም። ስለዚህ የጠየቀችንን እናድርግላት። እስከ ታች እንየው።»

*

ኃላፊው ተቃወሙ። ስልክ ደወሉ፣ አለቃ ጠሩ፣ ዝናቡን ጠቀሱ። ዝናቡ ግን አልመጣም፤ ሕጉም የመርማሪዋ ወገን ሆነ።

ዶክተሩና ሁለት ረዳቶቹ መቆፈር ጀመሩ። ኢንስፔክተሯ ጠርዙ ላይ በሆዷ ተኝታ ታያለች፤ ዩኒፎርሟ አፈር መምሰሉን ረስታዋለች። ለስላሳው አፈር ወርዶ ወርዶ ድንገት አለቀ። ከሥሩ ሌላ ዓይነት አፈር መጣ፤ ጓል፣ ጠጠር፣ መሃሉ ላይ የጠቆረ የሳር ሥር ያለበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ዶክተሩ ብሩሹን ከጆሮው ላይ አንስቶ፣ ማግኘቱም ሳይገርመው፣ ቆሞ አሰበ። «ይሄ በወንፊት አላለፈም። የጉድጓዱ ግድግዳ ነው። ተንዷል። የሳሩ ሥር ከላይ ካለው ሜዳ የመጣ ነው። የሚገርመው፣ ስለ መናድ ማንም ተናግሮ አያውቅም።»

ጓሉን እያነሱ ጥቂት እንደወረዱ አንድ ጥቁር ነገር ብቅ አለ። የቦቲ ጫማ ሶል ነበር።

«ጽሕፈት ሳይፈጠር የጎማ ጫማ ነበረ እንዴ?» አለ ሳጅኑ፤ ግን የሳቀ የለም፣ እሱም አልሳቀም።

ከዚያ በኋላ በአካፋ መሥራት ቀረ። በብሩሽ ብቻ ሆነ። አመሻሹ ላይ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ታየ። በግማሽ ጎኑ ወድቋል፤ ግራ እጁ ፊቱን ሸፍኗል፤ ቀኝ እጁ ወደ ላይ ተዘርግቷል። ራሱ ላይ ስንጥቅ የለም፤ የጎን አጥንቶቹ ግን ብዙዎቹ ተሰባብረዋል።

«ሰው አይደለም የገደለው» አለ ዶክተሩ በቀስታ። «አፈሩ ነው። ድጋፍ እንጨት የለም፤ ፈልጌ አጣሁ። እንዲህ ጥልቅ ጉድጓድ ያለ ድጋፍ አይቆፈርም።»

«ታዲያ የቀኝ እጁ ዙሪያ ያለው አፈር ለምን ለስላሳ ሆነ?»

ዶክተሩ ዘወር ብሎ አያት። ከዚያ ተንበረከከ። እውነት ነው፤ በጓሉ መሃል አንዲት ጠባብ ቀዳዳ ወርዳ ወርዳ እስከ እጁ ትደርሳለች፤ ውስጧ የሞላው በወንፊት ያለፈው አፈር ነው።

«ግድግዳው ከተናደ በኋላ ከላይ ወደ ታች የቆፈረ ሰው አለ» አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። «ሊያወጣው ነበር። እጁ ጋ ሲደርስ አቆመ። ከዚያ ሁሉም ነገር ተደፈነ።»

ከቀዳዳዋ ሥር፣ ከጣት አጥንቶቹ አጠገብ፣ የዛገ ብረት ነበር። ዶክተሩ በብሩሽ ሲጠርገው የግንበኛ ማንኪያ መሰለ። እጀታው ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ቀለሙ ከቦታ ቦታ ቢረግፍም፣ ቀይ እንደነበር ያስታውቃል።

*

ጋሽ ፉጨት ጎጆአቸው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሲያዩዋቸው አልተነሱም።

«አገኛችሁት» አሉ።

«አገኘነው ጋሼ። ሽቦውን ከውስጥ የቆረጡት እርስዎ ነዎት። በሩን ከፍተው ያስገቧትም እርስዎ፣ ቦታውን ያሳዩአትም እርስዎ።»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ጡረታ ሊያወጡኝ ነው። እኔ ከሄድኩ እዚያ መኖሩን ማን ያውቃል? ሄጄ 'አውቶቡስ አልተሳፈረም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ' አልኳት። ትደበድበኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ አሰበች። 'ድሮም ጠርጥሬ ቆፍሩልኝ ብዬ በየቢሮው ለምኜ፣ ሕጉ አይፈቅድም ብለውኛል። ሌባ ከቆፈረው ግን ሕጉ ያስገድዳቸዋል። ሌባ እሆንላቸዋለሁ' አለችኝ። እኔ ልቆፍር ብላት እምቢ አለች። 'አንተ አንዴ ደፍነሃል፤ ደግመህ አትነካውም' አለችኝ። ለምልክት ያህል እንደቆፈረች አቆመች።»

«ያን ቀን የደፈኑት ብቻዎን ነው?»

«እኔ ነኝ የደፈንኩት።»

«እሱን አልጠየቅኩም።»

ኢንስፔክተሯ የዛገውን ብረት ከታሸገበት ላስቲክ ሳታወጣ ጉልበታቸው ላይ አኖረችው። ሽማግሌው አይተው ኮፍያቸውን ፊታቸው ላይ ደፉ። ሳጅኑ ዞር ብሎ ማሳውን ተመለከተ።

«ወዳጄ ነበር» አሉ ሽማግሌው። «እሱ ከጉድጓድ ሆኖ ያፏጫል፣ እኔ ከላይ እመልስለታለሁ። ያን ቀን ኃላፊው ወደ ከተማ ከመሄዳቸው በፊት ታችኛውን ካላየሁ አሉ። 'ድጋፉን እናስገባ' አላቸው ፍልፈል። 'ነገ ዝናብ ነው፤ ቶሎ በል' አሉት። እያፏጨ ነበር። ፉጨቱ ከመሃል ተቋረጠ። ስመለከት ግድግዳው የለም።»

«ከዚያስ?»

«ኃላፊው ዘለው ገቡ። በዚያች ብረት፣ በጥፍራቸውም ሳይቀር ቆፈሩ። እውነቱን ልናገር፣ ቆፍረዋል። እጁ ጋ ደረሱ፤ ያዙት። ያኔ ሌላኛው ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ወጡ። 'አልቋል' አሉኝ። እኔ ሐኪም ነኝ እንዴ? አመንኩ። ማመኑ ቀለለኝ። 'ይሄ ከተሰማ ሁለታችንም ወህኒ ነን፤ ጉብታውም ይዘጋል' አሉ። እሳቸው መኪናቸውን አስነስተው ወደ ስብሰባቸው ሄዱ። እኔ አካፋ አነሳሁ።»

*

ኃላፊው ሻይ አዘዙላት። ኢንስፔክተሯ ከፎቶግራፉ ሥር ቆማ ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ላጣራ መጥቼ ነው። መቆፈሪያዎ የጠፋችው እርግጠኛ ነዎት ዋና ከተማ ነው?»

«እንዴታ። ከሆቴሉ ክፍል።»

«ቁፋሮው ቦታ ረስተዋት ሊሆን አይችልም? ወይ ለፍልፈል አውሰውት?»

«እሷን? ለማንም!»

ላስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኃላፊው እጃቸውን ወደ እሱ ዘረጉ፤ መንገድ ላይ እጃቸው ቆመ። ሻዩ መጣ፤ ያመጣችው ሴት ሁለቱን አየችና ሳታስቀምጥ ተመለሰች።

«ፍልፈል እጅ አጠገብ ነው ያገኘናት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከመናዱ በኋላ በተቆፈረች ቀዳዳ ውስጥ። ስብሰባው ላይ እንደነበሩ የሚመሰክሩልዎ ሰዎች አይዋሹም፤ ነበሩ። ግን የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው።»

ኃላፊው ሲናገሩ ያ ለስላሳ ድምፅ የለም።

«ቀዝቅዞ ነበር። እጁ።»

«ወዲያው ይቀዘቅዛል?»

ኃላፊው ላስቲኩን ከፊታቸው ገፋ አደረጉት።

«ሐኪም ለምን አልጠሩም? ሰው ለምን አልጠሩም? ማሳው ሙሉ ገበሬ ነበር።»

«ሌላው ግድግዳ ሊናድ ነበር። ፈራሁ።»

«መፍራቱ ይገባኛል። ከወጡ በኋላስ?»

«ስሄድ መንገድ ላይ ከመጀመሪያው ስልክ እደውላለሁ ብዬ ነበር። አለፍኩት። ከዚያ ሁለተኛውን። ስብሰባው ላይ ስለ ጉብታው ንግግር አደረግሁ፤ አጨበጨቡልኝ።» ቀና ብለው አዩዋት። «በመጀመሪያው ቀን ያልተነገረ ነገር፣ በሁለተኛው ቀን ወንጀል ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ኑሮህ ይሆናል።»

«ሚስቱ እዚህ ቢሮ ስንቴ መጣች?»

«ብዙ ጊዜ።»

«እርስዎ ነዎት ሕጉን የነገሯት?»

ኃላፊው አይናቸውን ጨፈኑ። «እኔ ነኝ። እንድትተወው ብዬ፣ አንድ በአንድ አስረዳኋት።»

ሳጅኑ በሩን ከፈተ። ኃላፊው ኮታቸውን ከመስቀያው አንስተው፣ እንደሚለብሱት እንደማይለብሱት ሳይወስኑ ክንዳቸው ላይ ይዘው ወጡ።

*

«ልብስ ሰፊዋንስ ምን እናድርግ?» አለ ሳጅኑ መኪና ውስጥ።

«የሆነውን እንደሆነው ለዐቃቤ ሕግ እንነግራለን። የቆፈረችው ከዚያ በፊት የተቆፈረ አፈር ነው። የጥንቱ ሰው አንድ ዶቃ እንኳ አልተነካበትም ብሏል ዶክተሩ፤ ራሴ እመሰክራለሁ ብሏል።»

ልብስ ሰፊዋ ሲነገራት አላለቀሰችም። ወደ ጉብታው ውሰዱኝ አለች። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ዶክተሩን ጠየቀችው፤

«ወዲያው ነው የሞተው? አትዋሸኝ፤ እስካሁን የዋሹኝ ይበቁኛል።»

ዶክተሩ ኢንስፔክተሯን አየ፤ እሷ አልረዳችውም።

«ደረቱ ላይ የወረደው አፈር ከባድ ነበር» አለ። «ብዙ አልቆየም። ግን ጨርሶ አልቆየም ብዬ መማል አልችልም። እጁን ወደ ላይ ዘርግቷል፤ ያን ያህል ጊዜ ነበረው።»

«እጁን የያዘው ሰው ነበረ አይደል?»

«ነበረ።»

«ከዚያ ለቀቀው።» ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። አሁን አወቅሁ። ካለማወቅ ይሻላል።»

ፈቃዱ ሲገኝ ፍልፈልን ከከተማው ዳር ባለው መቃብር ሊቀብሩት ወሰዱት። የመጣው ሰው ብዙ ነበር። ሴት ይዞ ሄደ ሲሉ የኖሩትም መጥተዋል፤ ከኋላ ከኋላ ነው የቆሙት። ሳጥኑ ከመኪናው ሲወርድ ኢንስፔክተሯ ከዛፎቹ ባሻገር ጋሽ ፉጨትን አየች። በዋስ ተለቀው ነው፤ ኮፍያቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ለመቅረብም ለመሄድም አልደፈሩም።

ልብስ ሰፊዋም አየቻቸው። ተሸካሚዎቹ ሳጥኑን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ እጇን ዘርግታ አስቆመቻቸው።

«ያንን ሰውዬ ጥሩልኝ።»

ወንድሟ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ። «ይቅር አልሽው እንዴ?»

«አላልኩም» አለች፤ ሁሉም ሰማት። «ይህን ሁሉ ዓመት አፈር ጭኖበት ኖሯል። ዛሬ ይሸከመው።»

ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ሽማግሌው መጥተው፣ የለቀቁላቸውን አንዱን ጥግ ያዙ፤ ተንገዳገዱ። ከጎናቸው የነበረው ተሸካሚ ሊደግፋቸው ሲል ልብስ ሰፊዋ በዓይኗ ከለከለችው። ሽማግሌው ጥርሳቸውን ነክሰው ቀና አሉ፤ ሳጥኑ ከመሬት ተነሳ።